የሶፍትዌር ማበልጸጊያ መሣሪያን ማሻሻል መቼ ያዋጣል?

አዲስ የኮምፓይለር (የተጻፈን ኮድ የሚያጠናቅር፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ወደሚያስኬደው መልክ የሚለውጥ መሣሪያ)፣ የኮድ ኤዲተር ወይም የፍሬምወርክ (ፕሮግራም የሚገነባበት ዝግጁ ማዕቀፍ) ስሪት በወጣ ቁጥር በሶፍትዌር ቡድን ውስጥ የሚነሣው ክርክር አንድ ዓይነት መልክ አለው። አንዱ «ሁሉም ወደ አዲሱ ተሻግሯል፣ የቀረነው እኛ ብቻ ነን» ይላል፤ ሌላው «እየሠራ ያለን ነገር ለምን እንነካለን?» ብሎ ይመልስለታል። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ የመጠቀሚያ ፈቃዱን (የላይሰንሱን) ዋጋ ይጠይቃል። ሦስቱም የየራሳቸው ምክንያት አላቸው፤ ነገር ግን አንዳቸውም ገና ምንም አልቆጠሩም። የፈቃዱ ዋጋ በደረሰኝ ላይ ስለሚታይ ትልቅ መስሎ ቢቀርብም፣ በአብዛኛው ከጠቅላላው ወጪ ትንሹ እጅ እሱ ነው። ትልቁ ወጪ የሰው ሰዓት ነው፤ ትልቁ ጥቅምም እንዲሁ። ይህ መመሪያ ሰዓቱ በሁለቱም በኩል እንዴት እንደሚቆጠርና ቆጠራው ሲያልቅ እንዴት እንደሚወሰን ያሳያል።

ከስሌቱ በፊት ቀኑን ይመልከቱ

መጀመሪያ መመለስ ያለበት ጥያቄ ማሻሻያው በምርጫ ነው ወይስ በግዴታ የሚለው ነው። የያዙት ስሪት የደህንነት ጥገና የሚቋረጥበት ቀን ከተቆረጠ፣ «ያዋጣል ወይ?» የሚለው ጥያቄ «መቼ እናድርገው?» ወደሚለው ይለወጣል፤ ስሌቱም የሚሠራው ለመወሰን ሳይሆን ለማቀድ ይሆናል። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለዚህ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቀሰው ምሳሌ ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ፓይተን 3.0 የወጣው በዲሴምበር 2008 ሲሆን፣ የፓይተን 2 የመጨረሻ መስመር የሆነው 2.7 በ2010 ተለቀቀ። ድጋፉ በመጀመሪያ በ2015 እንዲያበቃ ታስቦ ነበር፤ በኋላ ግን ወደ 2020 ተራዘመ፣ በጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ደግሞ በእርግጥ አበቃ። ከ11 ዓመት በላይ ጊዜ ተሰጥቶ እንኳ በመጨረሻው ዓመት የተጣደፉ ቡድኖች ጥቂት አልነበሩም። ያ ጥድፊያ የጊዜ ማነስ ያመጣው አልነበረም፤ ቀኑን በወረቀት ላይ ያሰፈረ ሰው ስላልነበረ የመጣ ነው።

ቀኑ ሁልጊዜ በነበረበት አይቆምም። የጃቫስክሪፕት ኮድ ማስኬጃ የሆነው ኖድ ጄኤስ 16 ድጋፉ እስከ ኤፕሪል 2024 እንዲዘልቅ ታቅዶ ሳለ ወደ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 እንዲቀርብ ተደረገ፤ ምክንያቱም በውስጡ የሚጠቀምበት ኦፕንኤስኤስኤል 1.1.1 የተባለው የምስጠራ ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ዝግጁ ኮድ) ድጋፍ የሚያበቃው በዚያው ዕለት ስለነበረ ነው። ስለዚህ የመሣሪያውን ቀን ብቻ ማወቅ አይበቃም፤ መሣሪያው ራሱ የተደገፈበት ነገር መቼ እንደሚያበቃም ማየት ያስፈልጋል። አንዳንዴ ደግሞ ቀኑን የሚቆርጠው ሌላ ወገን ነው፤ ለምሳሌ ከኤፕሪል 2024 መጨረሻ ጀምሮ አፕል ወደ መደብሩ የሚቀርቡ የአይፎን መተግበሪያዎች ኤክስኮድ በተባለው የራሱ ማበልጸጊያ 15ኛ ስሪት መሠራት እንዳለባቸው ደንግጎ ነበር። በዚያ ላይ ስሌት መሥራት ትርፉ ድካም ነው።

በተግባር ማድረግ ያለብዎ ቀላል ነው። በአንድ ሠንጠረዥ ላይ የምትጠቀሙባቸውን የፕሮግራም ቋንቋዎች፣ ፍሬምወርኮች፣ ኮምፓይለሮችና የቢልድ (ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም የመለወጥ ሥራ) መሣሪያዎች በሙሉ ይዘርዝሩ፤ ከየአንዳንዱ አጠገብ የያዛችሁትን ስሪት፣ ከዚያም የድጋፉን ማብቂያ ቀን ይጻፉ። ማብቂያው ከ12 ወር በታች የቀረውን በቀይ ያቅልሙ። ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ነገር ግን የክርክሩን ግማሽ ወዲያውኑ ይዘጋዋል።

ቀን ያለፈበት መሣሪያ የሚያስከፍለው በደኅናው ጊዜ ስለማይታይ አንድ ክፉ ቀን ላስታውስ። በዲሴምበር 2021 ሎግ ፎር ጄ በተባለው የጃቫ ቋንቋ ላይብረሪ ውስጥ ከባድ የደህንነት ቀዳዳ መኖሩ ሲታወቅ፣ መጀመሪያ የወጣው ጥገና 2.15.0 ጃቫ 8ን ወይም ከዚያ በላይ ያለውን ይፈልግ ነበር። ጃቫ 8 ላይ የነበሩ ቡድኖች ላይብረሪውን ቀይረው ወደ ምርመራ ገቡ። ጃቫ 7 ላይ የቀሩት ግን ለእነሱ የሚሆነው 2.12.2 እስኪወጣ ድረስ ቀናት መጠበቅ፣ ወይም ቀዳዳውን በእጅ መድፈን፣ ካልሆነም ለዓመታት ያቆዩትን የጃቫ ሽግግር በአንድ ሌሊት ማድረግ ነበረባቸው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በዚያ ዓይነት ሌሊት የተደረገ ሽግግር በኋላ እንደገና መሠራቱ አይቀርም።

ግዴታ ካልሆነ፣ ሰዓቱ የት እንደሚጠፋ ይለኩ

አሁን ወደ ምርጫው እንምጣ። ሻጩ ወይም አዘጋጁ «በእጥፍ ይፈጥናል» ሲል እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ጥያቄው የሚፈጥነው ነገር በእናንተ ቀን ውስጥ ምን ያህል ቦታ ይይዛል የሚለው ነው። የኮምፒውተር ንድፍ አውጪው ጂን አምዳል በ1967 ስለ ኮምፒውተር ያቀረበው መከራከሪያ እዚህም ይሠራል፤ ከጠቅላላው ጊዜ አሥረኛውን ብቻ የሚይዝ ሥራ እጥፍ ቢፈጥን ጠቅላላው ጊዜ የሚቀንሰው በ5 በመቶ ብቻ ነው።

ፓይተን 3.11ን እንመልከት። በ2022 ሲወጣ ከ3.10 ይልቅ ከ10 እስከ 60 በመቶ፣ በመደበኛው መለኪያ በአማካይ 1.25 እጥፍ እንደሚፈጥን ተገልጿል፤ ይህም በትክክል የተለካ ነው። ነገር ግን አንድ ሪፖርት በ10 ሰከንድ የሚያወጣ ፕሮግራም አለን እንበል፤ ከዚህ ውስጥ 8ቱን ሰከንድ የሚያሳልፈው ዳታቤዙ መልስ እስኪሰጠው በመጠበቅ ከሆነ፣ የሚፈጥነው የቀረው 2 ሰከንድ ነው። እሱ ወደ 1.6 ይወርዳል፤ ተጠቃሚው የሚያየውም 10 የነበረው 9.6 መሆኑን ነው። ለዚያች 0.4 ሰከንድ ሲባል ሁሉንም ላይብረሪ መፈተሽ አያዋጣም፤ ዳታቤዙ ላይ አንድ ኢንዴክስ (የፍለጋ ማውጫ) መጨመር ከዚህ የበለጠ ያስገኛል።

ስለዚህ ለአንድ የሥራ ሳምንት መለኪያ ይያዙ። ሰዎችን «ምን ያህል ትጠብቃላችሁ?» ብሎ መጠየቅ አያስተማምንም፤ የተበሳጨ ሰው አብዝቶ፣ የለመደ ሰው አሳንሶ ይናገራል። የቢልድ ትዕዛዙን በትንሽ ስክሪፕት ይጠቅልሉና የተጀመረበትንና ያለቀበትን ሰዓት በፋይል ያስቀምጥ። ከባዶ የሚደረግ ቢልድና ከትንሽ ለውጥ በኋላ የሚደረግ ቢልድ ለየብቻ ይመዝገቡ፤ ኤዲተሩ ፕሮጀክቱን እስኪከፍት ያለው ጊዜ፣ ቴስቶች (ኮዱን የሚፈትሹ ፕሮግራሞች) እስኪያልቁ ያለው ጊዜ፣ በቢልድ ሰርቨሩ ላይ ወረፋ የሚፈጀው ጊዜም እንዲሁ። ብዙ ጊዜ ይህ ምዝገባ ያልተጠበቀ ነገር ያወጣል። ሁሉም ሰው ኮምፓይለሩን ሲረግም ከርሞ፣ ሰዓቱን የሚበላው በወረፋ የሚቆመው የቢልድ ሰርቨር ሆኖ ይገኛል። ኮምፓይለሩን መቀየር ያንን አይነካውም።

እዚህ ላይ ርካሽ ተፎካካሪዎችንም አይርሱ። የቢልድ ማኅደሩን (ፎልደሩን) ከፀረ ቫይረስ ቅኝት ማውጣት፣ የተቀየረውን ክፍል ብቻ የሚያጠናቅረውን አሠራር ማብራት፣ አሮጌውን ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ መተካት፣ ማንም የማይጠቀምባቸውን ፕለጊኖች (የኤዲተሩን ተቀጥላዎች) ማጥፋት፤ እነዚህ በአንድ ከሰዓት የሚሠሩ ናቸው። ማሻሻያው መወዳደር ያለበት ዛሬ ካለው ሁኔታ ጋር ሳይሆን እነዚህ ከተሠሩ በኋላ ካለው ሁኔታ ጋር ነው። አለበለዚያ አዲሱ መሣሪያ ያልሠራውን ሥራ እያስመዘገብንለት ነው።

አንድ ስሌት ከነሙሉው

8 ፕሮግራመሮች ያሉት ቡድን እንውሰድ። ምዝገባው እንዳሳየው እያንዳንዱ ሰው በቀን 20 ጊዜ ቢልድ ያደርጋል፤ አንዱ ቢልድ በአማካይ 90 ሰከንድ ይወስዳል። ይህ ለአንድ ሰው በቀን 30 ደቂቃ፣ ለቡድኑ 4 ሰዓት ነው። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ ድንጋጤው ላይ ቆሞ መወሰን ግን ስሕተት ነው፤ ምክንያቱም ማሻሻያው 4ቱን ሰዓት አያጠፋም፣ ከ4ቱ ሰዓት የተወሰነውን ነው የሚቀንሰው።

አዲሱ መሣሪያ በእነሱ ኮድ ላይ ሲሞከር 90 የነበረው 65 ሰከንድ ሆነ። በአንድ ቢልድ የተረፈው 25 ሰከንድ፣ በቀን ለአንድ ሰው 500 ሰከንድ፣ ይኸውም 8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ነው። ለ8 ሰው በቀን 66 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ፤ ወሩን 20 የሥራ ቀን ብናደርገው በወር 22 ሰዓት ገደማ። በወጪው በኩል ሽግግሩ ራሱ 12 የሰው ቀን፣ ማለትም 96 ሰዓት፤ ለመለማመድ ደግሞ ለእያንዳንዱ 6 ሰዓት፣ በጠቅላላ 48 ሰዓት። ድምሩ 144 ሰዓት ሲሆን ለ22 ሲካፈል ስድስት ወር ተኩል ያህል ይሆናል።

ብዙ መመሪያ እዚህ ላይ ያቆማል። እኔ ግን አንድ ቅነሳ እጨምራለሁ። ከ90 ወደ 65 ሰከንድ የወረደ ጥበቃ አሁንም ጥበቃ ነው፤ ፕሮግራመሩ በ90 ሰከንድ ስልኩን ያነሣ ከነበረ በ65ም ያነሣዋል፤ ያነሣው ስልክ ደግሞ በሰዓቱ አይቀመጥም። ጥበቃው ከ90 ወደ 8 ሰከንድ ቢወርድ ግን ጠባዩ ራሱ ይለወጣል፤ ሰውዬው ዓይኑን ከስክሪኑ አያነሣም፣ የያዘው ሐሳብም አይበተንም። ስለዚህ ጥበቃው የሥራውን ጠባይ የማይለውጥ ሲሆን የተቆጠበውን ሰዓት በግማሽ ብቻ እቆጥረዋለሁ። በላይኛው ምሳሌ የመመለሻ ጊዜው ከስድስት ወር ተኩል ወደ 13 ወር ገደማ ይወጣል። ግማሽ የሚለው መለኪያ ከልምድ የመጣ ግምት እንጂ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም፤ የእርስዎ ቡድን ሌላ ቁጥር ሊመርጥ ይችላል፤ ዋናው ነገር ስሌቱ ከመሠራቱ በፊት መመረጡ ነው።

መሣሪያው በየዓመቱ ትልቅ ለውጥ የሚያመጣ ከሆነ የ13 ወር መመለሻ ማለት ኪሳራ ነው፤ ወጪውን ሳይመልስ ቀጣዩ ሽግግር ይደርሳል። የኔ ወሰን ቀላል ነው፦ የመመለሻ ጊዜው ቀጣዩ ትልቅ ለውጥ እስኪመጣ ካለው ጊዜ ግማሽ በታች ካልሆነ አልነካውም።

ወጪውን በሙሉ መቁጠር

ፈቃዱን በተመለከተ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን የአቆጣጠሩን ስልት ያንብቡ። በጃንዋሪ 2023 ኦራክል የራሱን የጃቫ ምዝገባ (የደንበኝነት ክፍያ) በደንበኛው ድርጅት ጠቅላላ የሠራተኛ ብዛት እንዲሰላ አድርጓል፤ ጃቫን የሚነኩት 10 ሰዎች ቢሆኑም ሒሳቡ የሚመጣው በሁሉም ሠራተኛ ነው። ፕሮግራሞችን ከሚያስፈልጋቸው ነገር ጋር አሽጎ የሚያስኬደው ዶከር ዴስክቶፕም በኦገስት 2021 መጨረሻ ደንቡን ሲለውጥ በነፃ መጠቀም የሚችሉት ከ250 ሠራተኛ በታችና ከ10 ሚሊዮን ዶላር በታች ዓመታዊ ገቢ ያላቸው ድርጅቶች ሆኑ። በሌላ በኩል የጄትብሬይንስ ኩባንያ ኤዲተሮችን ለ12 ወር ያለማቋረጥ የከፈለ ሰው ምዝገባውን ቢያቋርጥ እንኳ አንድ ስሪት ለዘለቄታው ይዞ ይቀራል። ይህን የማያውቅ ቡድን «ካልከፈልን ሥራችን ይቆማል» በሚል ፍርሃት ብቻ ሲያድስ ይኖራል።

የሚያስጨንቀው ግን ፈቃዱ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ መካከለኛ ፕሮጀክት ከጃቫ 8 ወደ ጃቫ 11 እንዳሸጋግር ሲሰጠኝ የገመትኩት ሁለት ቀን ነበር፤ የፈጀው 11 ቀን ነው። የመጀመሪያው ችግር የሚጠበቅ ነበር፤ ኤክስኤምኤል በተባለው ቅርጽ የተጻፈን መረጃ ወደ ጃቫ ዕቃ የሚለውጠው ጃክስቢ የተባለ ላይብረሪ ቀድሞ ከጃቫው ጋር አብሮ ይመጣ ነበር፣ በ11 ግን ወጥቷል፤ ለብቻ መጨመር ነበረበት። ይህ በግማሽ ቀን አለቀ። ከዚያ አንድ የቆየ ላይብረሪ የተጠናቀረውን ኮድ ራሱ ከፍቶ ስለሚያነብ «55ን አላውቅም» ብሎ ቆመ፤ ጃቫ 8 በክላስ ፋይሉ (የተጠናቀረው ኮድ በሚቀመጥበት ፋይል) ላይ 52 የሚል ቁጥር ሲያስቀምጥ ጃቫ 11 የሚያስቀምጠው 55 ነው። ላይብረሪውን ለማሳደግ እሱን የሚጠራውን ፍሬምወርክ ማሳደግ፣ ፍሬምወርኩን ለማሳደግ ደግሞ የማዋቀሪያ ፋይሎቹን እንደገና መጻፍ አስፈለገ። አምስት ቀን በዚህ አለቀ።

የቀረውን የበላው አንድ ነጠላ ሰረዝ (,) ነው። ከጃቫ 9 ጀምሮ የቀንና የሰዓት አጻጻፍ ልማዶች የሚነበቡት ከሌላ የመረጃ ምንጭ ስለሆነ፣ በአሜሪካ እንግሊዝኛ ቀንና ሰዓት አብረው ሲጻፉ ቀድሞ ያልነበረ ነጠላ ሰረዝ ከዓመተ ምሕረቱ በኋላ ይገባል። የኛ ፕሮግራም ቀኑን በዚያ መልክ በጽሑፍ ፋይል አውጥቶ ለሌላ ሲስተም ይልክ ነበር፤ ፋይሉ ደግሞ ዓምዶቹን የሚለየው በነጠላ ሰረዝ ነበር። ኮዱ ያለ ስሕተት ተጠናቀረ፣ ቴስቶቹ አለፉ፣ ፋይሉም ተላከ፤ ተቀባዩ ግን አንድ ዓምድ እየገፋ የሰዓቱን ጽሑፍ በገንዘብ መጠን ቦታ ያነበው ጀመር። ስሕተቱን ያገኘነው በሦስተኛው ቀን፣ ፋይሉን በጥሬው ከፍተን ከቀድሞው ጋር ጎን ለጎን ስናየው ነው። (ቀንን በዚያ መልክ ለማሽን መላክ ከመጀመሪያውም ስሕተት ነበር። አሮጌ ኮድ ግን እንዲህ ባሉ ነገሮች የተሞላ ነው።)

ከዚያ ወዲህ ግምት ከመስጠቴ በፊት ሁለት ነገር አደርጋለሁ። የምንጠቀምባቸውን ላይብረሪዎች በሙሉ አውጥቼ ለየአንዳንዳቸው አዲሱን ስሪት ይደግፋሉ ወይ ብዬ እጠይቃለሁ፤ መልሱ «አዎ» ካልሆነ ለእያንዳንዱ «አላውቅም» አንድ ቀን፣ ለእያንዳንዱ «አይደግፍም» ሦስት ቀን እይዛለሁ። ሁለተኛ፣ ከፕሮግራሙ ወደ ውጭ የሚወጣውን ነገር ሁሉ፣ ፋይል ይሁን ኢሜይል ወይም የታተመ ሪፖርት፣ ከሽግግሩ በፊትና በኋላ አውጥቼ ፊደል በፊደል አነጻጽራለሁ። ቴስት የሚያየው ፕሮግራመሩ ያሰበውን ብቻ ነው።

በወጪው ዝርዝር ውስጥ ከዚህ ሌላ የቢልድ ሰርቨሩን ማዘመን፣ የውስጥ መመሪያዎችን እንደገና መጻፍና፣ ሽግግሩ እስኪያልቅ ሁለቱን ስሪት ጎን ለጎን ማኖር ይግቡ። የመጨረሻው በተለይ ይረሳል።

ጥቅሙ የማን ነው?

አንዳንድ ማሻሻያ ለአንዱ ቡድን እንደ ነፍስ አድን፣ ለሌላው ግን ምንም ነው። የማይክሮሶፍት ቪዥዋል ስቱዲዮ 2022 በኖቬምበር 2021 ሲወጣ ኤዲተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ 64 ቢት ሆነ። ከዚያ በፊት የነበረው 32 ቢት ስለነበረ ዋናው የኤዲተሩ ሂደት ከ4 ጊጋባይት በላይ ማኅደረ ትውስታ ሊይዝ አይችልም ነበር። በመቶ የሚቆጠሩ ፕሮጀክቶችን በአንድ ላይ ከፍቶ ኤዲተሩ በቀን ሁለት ጊዜ ለሚዘጋበት ቡድን ይህ ለውጥ ያለ ስሌት የሚወሰን ነበር። አምስት ትንንሽ ፕሮጀክት ያለው ቡድን ግን ጣሪያውን ነክቶት ስለማያውቅ የጣሪያው መነሣት አልጠቀመውም፤ ይባስ ብሎ የለመዳቸው ተጨማሪ ፕለጊኖች ለ64 ቢት እስኪዘጋጁ መጠበቅ ነበረበት። ስለዚህ የአዲሱን ስሪት ዝርዝር ሲያነቡ ከእያንዳንዱ መስመር ጎን «ይህ ችግር ባለፈው ወር ስንት ጊዜ ገጠመን?» ብለው ቁጥር ይጻፉበት። ዜሮ የተጻፈበት መስመር በስሌቱ አይገባም፣ ምንም ያህል ቢያምር።

የቋንቋው አዳዲስ አጻጻፎች፣ የኤዲተሩ ውበት፣ ሰዎች አዲስ ነገር በመያዛቸው የሚሰማቸው ደስታ ዋጋ ቢስ ናቸው ማለቴ አይደለም። አሮጌ መሣሪያ ላይ የሚሠራ ጎበዝ ፕሮግራመር ይሰለቻል፤ የሰለቸ ሰውም ይሄዳል። ነገር ግን ይህን በደቂቃ ቆጠራው ውስጥ መደበቅ ሐቀኛ አይደለም። ለብቻው በአንድ መስመር «ቡድኑ ይፈልገዋል» ተብሎ ይጻፍ፤ የሚወስነው ሰው አይቶ ይመዝነው።

ሙከራው

ሙከራው ሁለት ቀን፣ አንድ ሰው፣ አንድ የተለየ ብራንች (ዋናውን የማይነካ የኮዱ የጎን ቅጂ) ይበቃዋል። የሚሞከረው ክፍል ግን ከሁሉ አስቸጋሪው ይሁን። ብዙ ቡድን የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ንጹሑንና ትንሹን ክፍል መርጠው በሁለት ሰዓት ያሸጋግሩና «ቀላል ነው» ብለው ይፈርማሉ። ማንም ሊከፍተው የማይወደው፣ ከሌሎች ሲስተሞች ጋር የሚነጋገረው፣ የጻፈው ሰው የለቀቀው ክፍል አለ፤ ሙከራው እዚያ ይደረግ።

ከመጀመሩ በፊት ሁለት ቁጥር ይጻፉ፤ «ቢልዱ ከዚህ ሰከንድ በታች ካልወረደ እንተወዋለን» የሚልና «በሁለት ቀን ውስጥ ከዚህ በላይ ላይብረሪ ካልተጠናቀረ እናቆማለን» የሚል። ቁጥሩ ቀድሞ ካልተጻፈ ሁለት ቀን የለፋ ሰው ባገኘው ውጤት ሁሉ ይደሰታል፤ ይህ የማንም ሰው ጠባይ ነው። መለኪያው በአንድ ኮምፒውተር ላይ፣ በአሮጌውም በአዲሱም ስድስት ስድስት ጊዜ ይደረግ፤ የመጀመሪያው ቢልድ ካሽ (ካለፈው ቢልድ የተቀመጠ ውጤት) ስለሌለው ለብቻው ይመዝገብ፣ ከቀሩት ደግሞ አማካዩን ሳይሆን በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መካከል ላይ የሚውለውን ይውሰዱ።

በሙከራው ወቅት ወደ ኋላ መመለስም ይሞከር። ኤዲተር ባይስማማ በአንድ ሰዓት አሮጌው ይመለሳል፤ ስለዚህ በኤዲተር ላይ ረጅም ስሌት አያስፈልግም፣ የሚፈልግ ሰው ለአንድ ወር ይያዘው። ኮምፓይለርና የፋይል ቅርጽ ግን እንዲህ አይደሉም። ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር 5ኛ ስሪት በ2015 ሲወጣ የሲ ፕላስ ፕላስ መደበኛ ላይብረሪው የጽሑፍ ዓይነትን በማኅደረ ትውስታ የሚያስቀምጥበት ቅርጽ ተለወጠ፤ በአሮጌው ቅርጽ የተጠናቀረ ላይብረሪ ከአዲሱ ጋር ሲያያዝ የግንኙነት ስሕተት ያመጣ ነበር። በአሮጌው ቅርጽ የመቀጠል አማራጭ አብሮ ቢሰጥም፣ የምንጭ ኮዱ የሌላቸው የተገዙ ላይብረሪዎች ያሉት ቡድን መንገዱ የሻጩ እጅ ላይ ነበር። የማይመለስ ሽግግር ሲሆን ከስሌቱ የወጣውን የወጪ ቁጥር በእጥፍ ይያዙት።

መዝለልና መዘግየት

«እያንዳንዱን ስሪት እንከተል ወይስ እየዘለልን እንሂድ?» የሚለው ጥያቄ ከመሣሪያው ልቀት አኳያ ይመለሳል። ጃቫ ከ2018 ጀምሮ በየስድስት ወሩ አዲስ ስሪት ያወጣል፤ ነገር ግን ረጅም ድጋፍ የሚሰጣቸው እንደ 11፣ 17 እና 21 ያሉት ናቸው። ኖድ ጄኤስም በነዚህ ዓመታት ረጅም ድጋፍ ሲሰጥ የቆየው ቁጥራቸው ተጋማሽ ለሆነ ስሪቶቹ፣ እንደ 18 እና 20 ላሉት ነው። ለአብዛኛው ቡድን ከረጅም ድጋፍ ወደ ረጅም ድጋፍ መሄድና አዲሱ ከወጣ በኋላ የመጀመሪያዎቹ የጥገና ስሪቶች እስኪወጡ ሦስት አራት ወር መታገሥ በቂ ነው። ሁለት ረጅም ድጋፍ መዝለልን ግን አልመክርም፤ ላይብረሪዎቹ በመካከል የሰጡትን የማስጠንቀቂያ ጊዜ ስለሚያሳልፉ፣ «በቅርቡ ይወጣል» የሚለውን መልእክት ሳያዩ «የለም» ከሚለው ጋር ይጋፈጣሉ።

የስም መመሳሰል እንዳያታልልዎም ይጠንቀቁ። የድረ ገጽ ፍሬምወርኩ አንጉላርጄኤስ ድጋፉ በ2021 መጨረሻ ሲያበቃ ተከታዩ አንጉላር በስም ቢዛመደውም ከመሠረቱ እንደገና የተጻፈ ሌላ ፍሬምወርክ ነበር። ያ ማሻሻያ ሳይሆን ፕሮግራሙን እንደገና መጻፍ ነው፤ እንደ አዲስ ፕሮጀክት በጀት ይያዝለት።

ውሳኔውን በአንድ ገጽ ማስፈር

ቆጠራውም ሙከራውም ሲያልቅ ውሳኔው በቃል እንዳይቀር፤ ከስድስት ወር በኋላ ያው ክርክር ከዜሮ ይጀመራል። አንድ ገጽ ይበቃል። ከላይ ላየነው የ8 ሰው ቡድን እኔ የምጽፈው እንዲህ ይነበባል፦

«አዲሱን የቢልድ መሣሪያ አሁን አንወስድም። የተለካው ቁጠባ በወር 22 ሰዓት፣ በግማሽ ሲያዝ 11 ሰዓት፤ ወጪው 144 ሰዓት፤ የመመለሻ ጊዜው 13 ወር ገደማ። የያዝነው ስሪት ድጋፍ ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል። በምትኩ በዚህ ወር የቢልድ ማኅደሩ ከፀረ ቫይረስ ቅኝት ይወጣል፣ የተለወጠውን ብቻ የሚያጠናቅረው አሠራርም ይበራል፤ ከዚያ ሰዓቱ እንደገና ይለካል። ጉዳዩ የሚከፈተው ከሦስቱ አንዱ ሲሆን ነው፦ የድጋፉ ቀን 12 ወር ሲቀረው፣ አንድ ቢልድ ከ150 ሰከንድ ሲያልፍ፣ ወይም አሁን አዲሱን የማይደግፉት ሁለቱ ላይብረሪዎች መደገፍ ሲጀምሩ።»

ከሥሩ የሚከታተለው ሰው ስምና ገጹ እንደገና የሚነበብበት ቀን ይጻፍ፤ ቀኑም በዚያው ሰው የቀን መቁጠሪያ ላይ ይግባ።